ወንድሜ መናገር ሲያቅተው፦ በወንጀል ለተጎዳ ሰው ሕጋዊ ወኪል መሆን

ይህን የምጽፈው የቅርብ ሰው ወንጀል ተፈጽሞበት፣ ያ ሰው ራሱ ቆሞ «ተበድያለሁ» ማለት ላልቻለበት ቤተሰብ ነው። ተጎጂው ሕፃን ሊሆን ይችላል። ራሱን የሳተ ሰው ሊሆን ይችላል። የመርሳት ሕመም ያለባት እናት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣትም ሊሆን ይችላል። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ወኪል ሆኜ ከፖሊስ ጣቢያ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። የሕግ ሰው አይደለሁም። ያኔ የቸገረኝን ነገር ሌላው ከመጀመሪያው ቢያውቀው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ወንድሜ ተደብድቦ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ጉዳቱ በግራ በኩል ባለው የአንጎሉ ክፍል ላይ ነበር። ሲነቃ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ንግግሩም ጠፋ። ሐኪሞች አፌዥያ የሚሉት ነገር ነው። የሚባለውን ይሰማል፣ አብዛኛውንም ይረዳል። ቃሉ ነው አልወጣ ያለው። የመጀመሪያው መርማሪ ግን አልጋው አጠገብ ቆሞ ጥያቄውን ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነበር። «ማን እንደመታው ያስታውሳል?» ይለኛል። ወንድሜ ትራሱ ላይ እንደተኛ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። «እስቲ ቀስ ብለው እሱን ይጠይቁት» አልኩ። መርማሪው መዝገቡ ላይ «ተጎጂው ቃሉን መስጠት አይችልም» ብሎ ጽፎ ሄደ።

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ አስቸገረችን። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የከፈተ ሁሉ ወንድሜን እንደሌለ ሰው ይቆጥረው ጀመር። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መዝገብ ላይ የሚጻፈውን ተከታተሉ። «በአሁኑ ጊዜ በንግግር መመለስ አይችልም፤ በምልክት ግን ይመልሳል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ወኪሉ ማን ይሁን የሚል ነው። ወንድሜ ባለትዳር ነው። ሆስፒታልም ሆነ ፖሊስ ፊርማ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠራው ሚስቱን ነው። ችግሩ በድብደባው የተጠረጠረው የሚስቱ ወንድም መሆኑ ነው። እሷ ጥሩ ሰው ናት። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ የምታድረው እሷ ነበረች። በዚያው ሌሊት ግን እናቷ እየደወለች ታለቅስባታለች። ክሱ ከጸና ወንድሟን ታጣለች፤ ክሱ ከተቋረጠ ባሏ ተበድሎ ይቀራል።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ቁጭ አልን። «እትዬ፣ ብፈርም እናቴ ፊት መቆም አልችልም። ባልፈርም ደግሞ እሱ ፊት» አለችኝ። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይኸው ነው። ክፉ መሆን አይጠይቅም። ሁለት ቦታ የተያዘ ልብ ይበቃል። በመጨረሻ ራሷ አጭር ደብዳቤ ጽፋ ለዐቃቤ ሕግ ሰጠች፦ «ተጠርጣሪው ወንድሜ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ባለቤቴን መወከል አልችልም፣ እኅቱ ብትወክለው አልቃወምም» የሚል። ያ ደብዳቤ ነገሩን በጣም አቀለለው። በእሷ ቦታ ያላችሁ ካላችሁ፣ እንዲህ ብሎ መጻፍ ባልን መክዳትም ወንድምን መክዳትም አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን ብዙዎቹ ይቀራረባሉ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ያወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መመሪያ አንቀጽ 24፣ ወላጆች በጥቅም ግጭት ምክንያት ሕፃኑን መወከል ካልቻሉ ልዩ ወኪል እንዲሾምለት ያዛል። የአሜሪካ የ2004 የፌዴራል የተጎጂዎች መብት ሕግ ደግሞ ተጎጂው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ችሎታ ካጣ ወይም ከሞተ አሳዳጊው፣ ቤተሰቡ ወይም ፍርድ ቤት የሚሾመው ሰው በእሱ ምትክ መብቱን እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ተከሳሹ ግን በምንም ዓይነት ወኪል እንዳይሆን በግልጽ ይከለክላል። ይሄ ምን መጻፍ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። በደል ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በቤት ውስጥ ነው፤ ፊርማ የሚጠየቀውም የዚያው ቤት ሰው ነው።

እኔንም ዳኛዋ መርምራኛለች። ከእሱ የምትወርሺው ነገር አለ? ገንዘብ ትበደሪዋለሽ ወይ? ከተጠርጣሪው ጋር የቆየ ጸብ አለሽ? ምስክር ነሽ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አያስበውም። ምስክር የሆነ ሰው ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ በአብዛኛው ችሎት ውስጥ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። ወኪል ደግሞ ችሎቱን መከታተል አለበት። ሁለቱ አይሄዱም። በእኛ በኩል ድብደባውን ያዩ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ ዐቃቤ ሕጉ እኔን በምስክርነት አልቆጠረኝም። እናንተ ድርጊቱን በዓይናችሁ ያያችሁት ከሆነ ግን ለውክልናው ሌላ የቤተሰብ ሰው ብታስቡ ይሻላል።

አሁን ሥልጣኑ ምን ድረስ ነው ወደሚለው ልምጣ። ዐቃቤ ሕግ የተጎጂው ጠበቃ አይደለም። መንግሥትንና ሕዝብን ወክሎ ነው የሚከሰው። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሊያዳምጣችሁም ይችላል፤ ግን የእሱ ውሳኔና የተጎጂው ጥቅም የሚለያዩበት ቀን ይመጣል። ተጎጂው በክሱ ውስጥ ያለው ቦታም በየአገሩ አንድ አይደለም። በጀርመን በአንዳንድ ከባድ ወንጀሎች ከዐቃቤ ሕግ ጎን ተጨማሪ ከሳሽ ሆኖ መግባት ይችላል። በፈረንሳይ ካሳ ጠያቂ ወገን ሆኖ በዚያው የወንጀል መዝገብ ይገባል። በሌላ ቦታ ደግሞ ምስክር ብቻ ነው። የወኪሉ ሥልጣን ተጎጂው ካለው መብት አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ «ወንድሜ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በዚህ መዝገብ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተ ሥራ ያ ነው።

አንድ ዘመዳችን «ለምን ጠቅልለሽ ሞግዚት አትሆኚም? ችሎታ የለውም ይባልና ሁሉም በአንቺ ፊርማ ይለቅ፤ ይቀላል» አለኝ። አልተቀበልኩትም። እንዲህ ያለው ፍርድ ከወንጀሉ መዝገብ አልፎ ባንኩን፣ ቤቱን፣ ሥራውን፣ ሕክምናውን ሁሉ ይነካል። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ማስነሳቱ ደግሞ ሌላ ትግል ነው። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል የሕግ ችሎታ አላቸው ይላል። ድጋፍ ሲያስፈልግ ደግሞ እርምጃው የሰውየውን ፍላጎት ያከበረ፣ ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ፣ በተቻለ መጠን ለአጭር ጊዜ የሚቆይና በየጊዜው በገለልተኛ አካል የሚታይ መሆን አለበት። ይህን አንቀጽ ማመልከቻዬ ላይ ጠቀስኩት።

የጠየቅሁት ለዚህ መዝገብ ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ውክልናው እንደገና የሚታይበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ እንድወክለው ነው። ትእዛዙ ሲወጣ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። መጥሪያና ማስታወቂያ እቀበላለሁ። መዝገብ አያለሁ። ጥበቃ እጠይቃለሁ። ካሳ እጠይቃለሁ። ክሱ ይቋረጥ ከተባለ እንዲታይልኝ አቤት እላለሁ። ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ግን መታረቅም ሆነ የካሳ ስምምነት መፈረም አልችልም። ይህች የመጨረሻዋ መስመር በኋላ አዳነችኝ።

የሐኪም ማስረጃ ስታስጽፉም «አይችልም» በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ። ምን ይችላል? እንዴት ይችላል? መቼ ይሻለዋል? የእኛ የንግግር ሕክምና ባለሙያ የጻፈችው ወረቀት ከሁሉም ማስረጃ በላይ ጠቅሞናል። አጭር ጥያቄ ይረዳል፣ ረጅም ጥያቄ ይጠፋበታል፣ ጠዋት ይሻለዋል፣ ቶሎ ይደክማል፣ መልስ እስኪሰጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ በግራ እጁ ይጠቁማል የሚል ነበር።

እሷ ያሳየችንን ዘዴ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ሰው ለምትንከባከቡ ይጠቅማል። አፌዥያ ያለበት ሰው «አዎ» ለማለት ፈልጎ «አይደለም» የሚል ቃል ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ካርድ ታስቀምጣለች። አንዱ ላይ «አዎ»፣ ሌላው ላይ «አይደለም» በትልቁ ተጽፏል፤ ከጎናቸው ምልክት አለ። ጥያቄው አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። «ውጭ ነበርክ?» ትላለች። ዝም ብላ ትጠብቃለች። እጁ ካርዱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ቆይታ ገልብጣ ትጠይቃለች፦ «ቤት ውስጥ ነበርክ?» ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ትመዘግባለች። ካልተስማሙ ያንን ጥያቄ ትተወውና ሌላ ቀን ትመለስበታለች። አንድ ቀን ካርዶቹን በግራ እጁ ገፍቶ እርሳስ ጠየቀ። የበሩንና የደረጃውን ቦታ በተንቀጠቀጠ መስመር ሣለው። እሷ ቃል ሳትጨምር ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈችበትና ለመርማሪው እንድሰጥ ነገረችኝ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። የተጠርጣሪውን ፎቶ በስልካችሁ ከፍታችሁ «ይሄ ነው?» ብላችሁ ለተጎጂው እንዳታሳዩ። ስለ ድርጊቱም በቤት ውስጥ ደጋግማችሁ አትጠይቁ። ተጠርጣሪን የማስለየት ሥራ የፖሊስ ነው፤ የራሱ ሥርዓት አለው። በቤተሰብ የተመራ መልስ በኋላ ተከላካይ ጠበቃው ሲነካው ይፈርሳል፤ የሚጎዳውም ተጎጂው ነው። አጎቴ ይህን ሊያደርግ ሲል ስልኩን ከእጁ ተቀብዬዋለሁ።

ለሕፃናት ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠብቃል። የእኅቷን ልጅ የምትወክል አንዲት ሴት ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ተዋውቄ ነበር። ልጅቷ «ምን ልበል?» እያለች ትጠይቃታለች። እሷም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያላት፦ «የሆነውን። የማታውቂውን አላውቅም በይ። ያልገባሽን አልገባኝም በይ።» ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም። በአይስላንድ በ1998 የተጀመረውና ወደ ሌሎች አገሮች የተስፋፋው የሕፃናት ቤት የሚባለው አሠራር መነሻውም ይኸው ነው። ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውና ዐቃቤ ሕጉ ሁሉም ለልጅ በተዘጋጀ አንድ ቤት ይገናኛሉ። ልጁ በየቢሮው እየዞረ ያንኑ ታሪክ እንዳይደጋግም በሠለጠነ ሰው ይጠየቅና ይቀረጻል። እንዲህ ያለ ቤት በሌለበት ቦታ እንኳ ወኪሉ «ቃሉ ይቀረጽልኝ፣ ደግሞ አይጠየቅ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። የ1989 የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12ም ሕፃኑ በቀጥታ ወይም በወኪል በኩል የመሰማት መብት ይሰጠዋል።

ወኪል በተጎጂው ምትክ መመስከር እንደማይችል ብዙ ቤተሰብ አያውቅም። ምስክርነት የግል ነው። ያየው እሱ ነው፤ እኔ የነገረኝን ብናገር ወሬ ነው የሚሆነው። እኔ የምችለው እሱ ራሱ እንዲሰማ መንገዱን ማመቻቸት ነው። የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 13 በፍትሕ ሂደት ውስጥ ለሰውየው ሁኔታ የሚመች አሠራር እንዲደረግ ያዛል። እንግሊዝና ዌልስ በ1999 ባወጡት ሕግ መግባባት ለሚያስቸግረው ምስክር አገናኝ ባለሙያ አጠገቡ እንዲቀመጥ ፈቅደዋል። እኛም የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ እንድትገኝ፣ ጠዋት እንዲሆን፣ እረፍት እንዲሰጠው፣ ካርዶቹን እንዲጠቀም፣ ተከሳሹ ፊት ለፊቱ እንዳይቀመጥ በጽሑፍ ጠየቅን። አብዛኛው ተፈቀደ። ተከላካይ ጠበቃውም ጠየቀው። ያ መብቱ ነው፤ አትቆጡ። ጥያቄው በረዘመ ቁጥር ባለሙያዋ እጇን ታነሣለች፣ ዳኛዋ «አሳጥሩት» ትላለች። ወንድሜ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ እያንዳንዷን መልስ በግራ እጁ ሰጠ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የእኔ ፍላጎትና የእሱ ፍላጎት ሲለያዩ ነው። ተጠርጣሪው ዋስትና ሲጠይቅ ዐቃቤ ሕጉ የተጎጂው ወገን ሐሳብ ምንድን ነው አለኝ። እኔ ልቤ ተቃጥሏል። አንድ ቀን እንኳ እንዳይፈታ እፈልጋለሁ። ወንድሜን ግን መጠየቅ ነበረብኝ። በካርዶቹ፣ ባለሙያዋ ባለችበት፣ እየገለበጥን ጠየቅነው። እሱን የሚያሳስበው ሰውየው ቤቱ እንዳይመጣ፣ እንዳይደውል፣ ሚስቱን እንዳያስጨንቅበት ነው። ይታሰር ወይስ ይፈታ ሲባል ካርዶቹን ሁለቱንም ገፋቸው። ዳኛ ይወስን ማለቱ እንደሆነ ገልብጠን ስንጠይቀው አረጋገጠልን። ለዐቃቤ ሕጉ የጻፍኩት የእሱን ሐሳብ ነው። የእኔን አልጨመርኩበትም። ዋስትናው ከተፈቀደ ወደ ቤቱ እንዳይቀርብ፣ በስልክም ሆነ በሰው በኩል እንዳያገኛቸው ይታዘዝ አልኩ። ተጠርጣሪው ሲፈታ እኔ ታመምኩ ማለት እችላለሁ። ወንድሜ ግን ትእዛዙን ሳነብለት እጄን ጨበጠኝ። ወኪል ከሆናችሁ ይህ ቀን ይመጣባችኋል። የበደል ንዴታችሁን የምትናገሩበት ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ጓደኛ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የእምነት አባት።

ተጎጂው ጨርሶ ሐሳቡን መግለጽ ካልቻለስ? ያኔ ከመጎዳቱ በፊት ምን ይል እንደነበር፣ ምን ያስፈራው፣ ማንን ያምን እንደነበር ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቃችሁ የደረሳችሁበትን ጻፉ። በግምት የደረሳችሁበት መሆኑንም አብራችሁ ግለጹ።

ከዚያ የሽምግልና ግፊት መጣ። ዘመድ በዘመድ ላይ ተደረበ። «ገንዘቡን ተቀብላችሁ ዝጉት፣ ለሕክምናው ይሆናል» አሉ። በትእዛዙ ላይ ያለችውን መስመር አሳየኋቸው። «ሥልጣን የለኝም። ሐሳባችሁን ለፍርድ ቤቱ አቅርቡ፣ እሱም በራሱ ይጠየቃል» አልኩ። ሰው በእኔ ሳይቀየም ነገሩ በረደ። ስለዚህ ይህ ገደብ ትእዛዛችሁ ላይ ባይኖር እንኳ ራሳችሁ ጠይቃችሁ አስገቡት።

ጊዜ የሚያልፍባቸውን ነገሮች በፍጥነት ልጥቀስ። አንዳንድ ወንጀሎች የሚከሰሱት የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ለአቤቱታውም ቀነ ገደብ ይኖረዋል። ወኪል እስኪሾም ያ ቀን እንዳያልፍ ፖሊስን በጽሑፍ ጠይቁ። የደኅንነት ካሜራ ምስል በላዩ ላይ ሌላ እየተቀረጸበት ይጠፋል፤ እንዲያዝ ወዲያው አመልክቱ። ቁስሉን ሲሽርም ፎቶ አንሱት። የሰጣችሁትን ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስቀምጡ።

ካሳም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 ያጸደቀው የወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ ከጥፋተኛው ሙሉ ካሳ በማይገኝበት ጊዜ መንግሥታት ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ለደረሰባቸው፣ እንዲሁም ተጎጂው ለሞተባቸው ወይም አቅሙን ላጣባቸው ቤተሰቦች ካሳ ለመስጠት እንዲጥሩ ይጠይቃል። በአገራችሁ እንዲህ ያለ ፈንድ መኖሩን ጠይቁ። ስታሰሉ የሆስፒታሉን ደረሰኝ ብቻ አትያዙ። የቀረበት ገቢ፣ የሚቀጥለው ሕክምና፣ የሚረዳው ሰው ወጪም ይገባል። ገንዘቡ በእሱ ስም በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ከእናንተ ኪስ ጋር አንድ ቀን እንኳ አይቀላቀል።

የወንድሜ ንግግር ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ግን የራሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ውክልናውን እንደገና የሚያይበት ቀን ሲደርስ እንዲያበቃ አብረን አመለከትን። ማመልከቻው ላይ አዲሱን የሐኪም ማስረጃ አያያዝን፤ ከዚህ በኋላ መጥሪያና ማስታወቂያ በእሱ ስልክና አድራሻ እንዲደርስም ጠየቅን። ውክልናው ያበቃበትን ትእዛዝ ግልባጭ ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለሆስፒታሉና ለባንኩ ለየብቻ ስጡ፤ አንዱ ለሌላው አይነግረውም። ፋይሉን፣ ደረሰኞቹንና የሒሳቡን ዝርዝር አስፈርሜ ለወንድሜ አስረከብኩት። በግራ እጁ ፈረመ። የካሳው ክርክር አሁንም አላለቀም፤ እሱ ራሱ እየተከታተለው ነው፣ እኔም ሲጠራኝ አብሬው እሄዳለሁ።